ቁልቁለቱን የሚያጠራቅም ፉርጎ

አቶ አካሉ ሰው አይጠሉም ነበር፤ የሚጠሉት ፍሬን ነው። በኮተቤ መንገድ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ሲጢጥ ሲል በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «ሄደ! ያ ሁሉ ጉልበት ብረት አሙቆ ቀረ!» ይሉ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አንዱን ሾፌር አስቁመው፣ የጎማውን ውስጠኛ ብረት በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይኸው ተቃጠልኩ። ይሄ ሙቀት እኮ መኪናህን መልሶ ዳገት ያወጣት ነበር» ቢሉት፣ ሾፌሩ አእምሮአቸው የተነካ መስሎት አሥር ሳንቲም ሰጥቷቸው ሄደ።

ይህ ጠባይ የተጣባቸው ድሬዳዋ ነው። የየካ ተወላጅ ቢሆኑም ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩት እዚያ፣ በባቡር መጠገኛ ውስጥ ነበር። ሥራቸው የተሳፋሪ ፉርጎ መብራት ማደስ ነው። ከፉርጎው ሆድ ሥር ዲናሞ አለ፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ዲናሞው ይዞራል፣ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል፣ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሲቆም ባትሪው አምፖሉን ያበራል። ይህንን ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው አንድ ነገር ገባቸው። ዲናሞ ማለት ተገልብጦ የገባ ሞተር ነው። መንኮራኩር ሲያዞረው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ መንኮራኩር ያዞራል። በውጭ አገር ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር እንዳለ፣ አንዳንዱም ቁልቁለት ሲወርድ ያገኘውን ኃይል ዳገት ሲወጣ እንደሚጠቀምበት አንድ መሐንዲስ ካጫወታቸው ወዲህማ እንቅልፋቸው ጎደለ።

በ1953 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው የካ ቤታቸው ሲመለሱ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም ሣጥኑ ሲከፈት ሽቶ ወይም ሻሽ ጠብቀው ነበር። የወጣው ከአሮጌ ብረት መሸጫ የተገዛ፣ በቅባት የተነከረ ዲናሞ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

«ልፋቴ ነው» አሉ አቶ አካሉ።

«የት ላስቀምጥልህ ታዲያ? ምግብ ቤት ወይስ መኝታ ቤት?»

ልፋታቸው አልጋ ሥር ገባ።

ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ተጀምሮ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ በሚልበት ቦታ ዲንቄ የምትባል እንጨት ነጋዴ ትኖር ነበር። ዛፉ ከአባቷ የወረሰችው ነው። በስድስት አህያ እያስጫነች ሾላ ገበያ ትሸጣለች። አቶ አካሉ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው አህዮቹ ሲወርዱ ያያሉ። አህዮቹ ከኋላ እግራቸው ቁጢጥ እያሉ፣ በኮቴአቸው መሬቱን እየቧጠጡ፣ ጭነቱ ገፍቶ እንዳይጥላቸው ይታገላሉ። አንድ ቀን መታገሥ አቃታቸው።

«ዲንቄ፣ አህዮችሽ እኮ የሚደክሙት ለመሄድ አይደለም፤ ላለመሄድ ነው» አሏት።

«ጋሼ አካሉ፣ ደግሞ ለአህያ ማሰብ ጀመሩ?» አለች እየሳቀች።

«ከአንቺ ግቢ በታች በጣሊያን ጊዜ የድንጋይ ካባ አልነበረም? ሐዲዱ እኮ አሁንም አለ፤ ሣር ለብሶ ነው እንጂ። እዚያ ላይ ፉርጎ ባስቀምጥልሽ እንጨትሽን እስከ ታች ያወርድልሻል። ከዚያ ራሱ ተመልሶ ይወጣል።»

«ምን ይበላል?»

«ምንም። ሲወርድ ያገኘውን ባትሪ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሲወጣ እሱን ይበላል።»

«ሞልቶ ወርዶ ባዶውን ነው የሚወጣው?»

«አዎን።»

ዲንቄ ትንሽ አሰበች። የገበያ ሰው ናት። ከባዱን አውርዶ ቀላሉን ማውጣት እንደሚያዋጣ ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለጋትም። «እንጨቱ ከተሰበረ ግን እርስዎን ነው የምጭንዎ» ብላ ተስማማች።

ሥራው አምስት ወር ፈጀ። ሐዲዱን ከአፈር አወጡ፤ ከሐዲዱ ሥር የበሰበሰውን ጋድም እንጨት በባሕር ዛፍ ቀየሩ፤ የካባውን የዛገ ፉርጎ ቀጥቅጠው አቃኑ፤ ወንበር ሠሩለት። ዲናሞውም ከአልጋ ሥር ወጥቶ ከመንኮራኩሩ ጋር ተገጠመ። ከሾላ ጋራዥ ስምንት የጭነት መኪና ባትሪ ተገዛና አንዴ አስሞልተው ከወንበሩ ሥር ደረደሩት። የዲንቄ ታናሽ ወንድም ፈዬራ፣ እርሻ ትቶ ከተማ ሥራ ሲፈልግ የነበረ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ፣ ነጂ ሆኖ ተቀጠረ። የሚነዳው አንድ እጀታ ነበር። አቶ አካሉ በነጭ ቀለም «ውጣ»፣ «ቁም»፣ «ውረድ» ብለው ጽፈውበታል። ለክፉ ቀን መንኮራኩሩን የሚጫን የእንጨት ፍሬንም አለ፤ ግን ለፈዬራ ሲያስረዱት፣ «ይህን የያዝክ ዕለት ከሥራህ ትወጣለህ» ብለውታል።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘጠኝ ኩንታል እንጨት ተጫነ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ቆመ። ፈዬራ አማተበ፣ ዓይኑን ጨፈነና እጀታውን «ውረድ» ላይ አደረገ። ፉርጎው እያጉረመረመ፣ ሳይጣደፍ፣ እንደ ሽማግሌ ወረደ። ከባትሪው ጎን ያለች፣ የተጠራቀመውን ኃይል የምታሳይ ትንሽ ቀስት ከግራ ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሰች። አቶ አካሉ ከጎኑ እየሮጡ እሷን ብቻ ነው የሚያዩት። ታች እንጨቱ ተራገፈ። እጀታው «ውጣ» ላይ ሲደረግ ባዶው ፉርጎ ፈዬራን ይዞ ዳገቱን ተያያዘው። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሰውዬ ከኋላ የሚገፋ ሰው እንዳለ ለማየት ሐዲዱ ላይ በሆዱ ተኛ።

ከተመልካቹ መሃል መሪጌታ ኃይለጊዮርጊስ ነበሩ። የሚኖሩት የካ ነው፤ የሚያገለግሉት ግን ዳገቱ ራስ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ድምፃቸው ግሩም፣ ሰውነታቸው ሙሉ፣ ጉልበታቸው በሽተኛ።

«አካሉ፣ ማነው የሚገፋው?» አሉ።

«ቅድም የወረደው እንጨት ነው መሪጌታ።»

«እንጨቱማ ይኸው እዚህ ተከምሯል።»

«ክብደቱ ባትሪው ውስጥ ቀርቷል።»

መሪጌታ ፉርጎው ዳግመኛ እስኪወርድ ጠብቀው፣ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱና፣ «እኔም ብገባበት ይችላል?» አሉ።

አቶ አካሉ አስልተው ነበር። አንድ ሰው ይችላል። መሪጌታ ግን እንደ አንድ ሰው መቆጠራቸው ላይ ትንሽ ጥርጣሬ ገብቷቸዋል። ቢሆንም እንዴት ብለው እምቢ ይበሉ? መሪጌታ ወጡ። በማግስቱ መሪጌታና የእኅታቸው ልጅ ወጡ። በሳምንቱ ከሾላ የሚመለሱ የላይኛው ሰፈር ሴቶች ገብሳቸውንና ጨዋቸውን ይዘው ተሰለፉ። ሽቅብ ሲሆን ሰው ሁሉ ጉልበቱን ያመዋል። ቁልቁል ሲሆን ግን ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ «ኧረ እኔ በእግሬ ልውረድ፤ ደግሞ ይዞኝ ቢፈረጥጥስ?» እያለ ከፉርጎው ጎን እያዘገመ ይወርዳል። እንጨቱ ብቻውን የሚያገኘውን ኃይል ሰው ሁሉ ተሻምቶ ይጨርሰዋል። ቀስቷም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ትተኛ ጀመር።

የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ በዓል ዕለት ነገሩ ፈነዳ። ጠዋት መሪጌታ በነጭ በነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ከአንድ ማዳበሪያ ገብስ ጋር፣ ከነሱ ኋላ ለድግሱ የሚሄድ አንድ በግ።

«ጋሼ፣ ቀስቷ ተኝታለች» አለ ፈዬራ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፤ መሪጌታ ቆመዋል» አሉ አቶ አካሉ።

ፉርጎው ተነሳ። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ደህና ሄደ። ከኩርባው አልፎ ቀስ አለ፤ ይበልጥ ቀስ አለ፤ አቃሰተና ቆመ። ከዚያም ወደ ኋላ መውረድ ጀመረ። ፈዬራ የእንጨቱን ፍሬን መያዝ ነበረበት፤ ነገር ግን ከገደሉ ይልቅ አቶ አካሉን ፈራ። እጀታውን «ውረድ» ላይ አደረገው።

«እያገኘን ነው! ቀስቷ ተነሳች! እያገኘን ነው!» እያሉ አቶ አካሉ ከታች ጮኹ።

ትንሽ እንደወረደ፣ ያገኘውን ይዞ እንደገና «ውጣ» ተባለ። ወጣ። ግን ከወረደው ግማሹን ብቻ ወጥቶ ቆመ፤ ደግሞም ወረደ። እንደገና ወጣ፤ አሁንም ካለፈው አነሰ። ይህ በእንዲህ እንዳለ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ይዘው በሐዲዱ ዳር ወደ በዓሉ ያዘግሙ ነበር። መጀመሪያ ፉርጎው አልፏቸው ሲወጣ፣ «መሪጌታ፣ እንዴት አደሩ?» አሉ። ወደ ኋላ ሲያልፋቸው፣ «ምነው፣ ረስተው የመጡት ነገር አለ?» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊደርስባቸው ሲል ቆሞ ሲመለስ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በጉ በአራተኛው ላይ ዘሎ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰውም እሱ ነው።

መሪጌታ በሰባተኛው ላይ ወረዱ፤ ከተነሱበት ቦታ ሃምሳ እርምጃ ርቀው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት። ሲደርሱ ታቦቱ ዞሮ ገብቷል፤ ዝማሬው ያለሳቸው አልቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የካ ውስጥ ጉዳይ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለስ ሰው፣ «ዛሬም እንደ መሪጌታ ወጥቼ ወርጄ መጣሁ» ማለት ለመደ።

አቶ አካሉ አፈሩ። በማግስቱ ታች ካለው ግንድ ላይ «ሽቅብ ሰው አይጫንም» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ሰፈሩ አኮረፈ። የላይኛው ሰፈር ሴቶች ከዲንቄ እንጨት መግዛት አቆሙ። ዲንቄ ሰሌዳውን ነቅላ በብብቷ ይዛ ቤታቸው መጣች።

«ጋሼ አካሉ፣ ይሄ ነገር አያዋጣም።»

«ምን ላድርግ? አንድ ሰው ለማውጣት ሁለት ሰው ያህል መውረድ አለበት። መንገድ ላይ የሚቀር ኃይል አለ። እነሱ ደግሞ ሲወጡ እንጂ ሲወርዱ አያውቁኝም።»

«ታዲያ የሚወጣውን ከመከልከል የሚወርድ መፈለግ አይሻልም?»

በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእህል ሚዛኗን አሸክማ ከላይኛው ጫፍ አቆመች። የሚወርድ ሰው ይመዘናል፤ በወረደው ልክ ለቤተሰቡ መውጫ ይያዝለታል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። መመዘኑንም ሰው ሁሉ ወደደው፤ አንዳንዶች እንዲያውም ጫማ አውልቀውም ጫማ አድርገውም ሁለቴ ተመዘኑ። ፉርጎው ላይ ሲባሉ ግን ወደ ኋላ አሉ። የበዓሉ ዕለት ጉድ ከዓይናቸው አልጠፋም። አቶ አካሉ ራሳቸው ተቀምጠው፣ «እባካችሁ ውረዱ፤ ምንም አይሆንም» እያሉ ለመኑ። ዲንቄ እሳቸውንም መዝና ነበር፤ «ጋሼ፣ የእርስዎስ አንድ ዶሮ ለማውጣትም አይበቃም» አለቻቸው። ሰው ሳቀ። አቶ አካሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና አቀረቀሩ።

በዚህ ጊዜ ከሰዉ መሃል ወይዘሮ ወለተማርያም ወጡ። ፉርጎው ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርበው አይተውት አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሚዛኑን አልፈው ሄዱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ?» አሉ አቶ አካሉ። «አትፈሪም እንዴ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ድሬዳዋ ሆነህ በዓመት አንዴ ብቅ ስትል ብቻዬን ቤት ስጠብቅ ያልፈራሁ፣ አሁን ጉርድ ፉርጎ ልፈራ?»

«እኔ እኮ … የማትወጂው መስሎኝ ነው።»

«ማን ጠራኝና? ለመንገደኛው ሁሉ ‹እባካችሁ› ስትል፣ አንድ ቀን ‹ነይ ውረጂ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አቶ አካሉ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

«ነይ እንውረድ» አሉ በቀስታ።

«ተቀምጫለሁ እኮ» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። «ፈዬራ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ፉርጎው ወረደ። ባሕር ዛፉ በግራና በቀኝ አለፈ፤ ከኩርባው ሲወጡ የየካ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ የኮተቤ መንገድም እንደ መቀነት ተዘርግቶ ታየ። ነፋሱ የወይዘሮ ወለተማርያምን ነጠላ ነጥቆ አቶ አካሉ ፊት ላይ ጠመጠመው። እሳቸው ከነጠላው ለመውጣት ሲታገሉ ወይዘሮዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው ላይኛው ጫፍ ድረስ ተሰማ። ታች ሲደርሱ አቶ አካሉ እንደ ልማዳቸው ወደ ቀስቷ አልሄዱም። ባለቤታቸውን ነበር የሚያዩት።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«እንደገና» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

ከዚያ በኋላማ ወንዶቹ ከሴት አንሰው ለመታየት አልፈለጉም። የሚወርደው ሰው ተሰለፈ። የቀሩት መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ዲንቄ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ጠብቃ እጃቸውን ስማ ሚዛኑ ላይ አወጣቻቸው፤ አንድ ኩንታል ከስድስት ኪሎ።

«መሪጌታ፣ ጠዋት ሲወጡ ከባድ ነዎት፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ሲወርዱ ግን በሰፈሩ ውስጥ የሚስተካከልዎ የለም። እርስዎ አንዴ ከወረዱ አንዲት ደካማ እናት በነፃ ትወጣለች።»

መሪጌታ ሚዛኑን አዩት፤ ሆዳቸውን አዩት። «በዚህኛው ነው የምትወጣው?» አሉ።

«በሱ ነው።»

«እንግዲህ ይሁና» ብለው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ታች በደረሱ ቁጥር፣ «ዛሬ ማንን አወጣሁ?» ብለው ፈዬራን ሳይጠይቁ ቤታቸው አይገቡም። የወጣችው አሮጊት ስም ሲነገራቸው በጸሎታቸው ያስቧታል። አቶ አካሉ መሪጌታ በጾም ወራት እንዳይከሱባቸው ሲሰጉ የመሪጌታ ሚስት ሰምታ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

አቶ አካሉ በዚህ ተደፋፍረው በከተማው ውስጥ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። አዲስ አበባ የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት፤ ወደፊት የኤሌክትሪክ ባቡር ቢዘረጋባት የሚወርደው የሚወጣውን እንዲረዳ፣ በየጣቢያውም ባትሪ እንዲቀመጥ ብለው በስዕል አስረዱ። ከአራት ወር በኋላ ማኅተም ያለበት መልስ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «ከተማችን የኤሌክትሪክ ባቡር ስለሌላት በኤሌክትሪክ ባቡር የሚባክን ኃይል የላትም። ስለሆነም ያቀረቡት የቁጠባ ሐሳብ ከወዲሁ በሙሉ ተፈጻሚ ሆኖ እንደሚገኝ እንገልጻለን።» አቶ አካሉ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ስሕተት ፈልገው አጡበት።

የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የኮተቤ ተማሪዎች ወሬውን ሰምተው ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። እነሱ ወጣቶች ናቸው፤ ዳገቱን በእግራቸው እየዘለሉ ይወጡና ለመውረድ ይሰለፋሉ። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው መጡ። እንጨቱም ይወርዳል፤ መሪጌታም ይወርዳሉ። የሚወጡት ግን ያው ጥቂት አሮጊቶች ናቸው። ባትሪዎቹ ጠገቡ። ከጠገቡም በኋላ እየፈሉ ይንተከተኩ ጀመር። የጠገበ ባትሪ ደግሞ አልቀበልም ይላል፤ ካልተቀበለም ዲናሞው ፉርጎውን ቁልቁል እንዳይፈረጥጥ አይይዘውም።

አቶ አካሉ ሮጠው ሄደው አራት የመኪና አምፖል አመጡና የዲንቄ በር ላይ ሰቀሉ፤ ፉርጎው ላይኛው ጫፍ ሲቆም ከባትሪዎቹ ጋር በሽቦ ያገናኟቸዋል። ትርፉ በዚያ እንዲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ በዚያ ዳገት ላይ መብራት የገባለት ቤት አልነበረም። የዲንቄ በር ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት፣ በአራት አምፖል ቦግ ብሎ ይታይ ጀመር።

ከሾላ እንጨት ልትገዛ የመጣች አንዲት ነጋዴ ቆማ አየች። «ዲንቄ፣ ምን ሆናችሁ ነው በቀን መብራት የምታበሩት?»

«ሰው ወርዶ ወርዶ ተርፎን ነው» አለች ዲንቄ።

አቶ አካሉ ከአምፖሎቹ ሥር፣ ፊታቸው በላብ ተጠምቆ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ መንገዱ ይጣራሉ፦

«ኧረ እባካችሁ፣ ሽቅብ የሚሄድ ሰው የለም?»